የቆየ ኮምፒውተራችሁ የትኛውን የኦንላይን ዓለም ይችላል?

ከዓመታት በፊት ላፕቶፔ ላይ ሰከንድ ላይፍን ጫንኩ፤ ሰው አቫታር በሚባል የራሱ ምስል ገብቶ የሚዞርበትና ከሌሎች ጋር የሚያወራበት የኦንላይን ዓለም ነው። ያለ ችግር ተከፈተ። መጀመሪያ የገባሁት ሰው የሌለበት የባሕር ዳርቻ ነበር። ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ ዛፉ ይወዛወዛል፣ እኔም ወዲያ ወዲህ እያልኩ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ሙዚቃ ወዳለበት አዳራሽ ተሻገርኩ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር። ስክሪኑ ድርቅ አለ። ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኽ ጀመር። "ሰላም" ብዬ የጻፍኩት ቃል ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ሰዎቹ ሌላ ወሬ ይዘው ነበር።

"ይከፍታል" እና "ይችላል" ለየቅል መሆናቸው የገባኝ ያን ቀን ነው። አሁን ጓደኛም ዘመድም "ይሄ ኮምፒውተር ይችለዋል?" ሲለኝ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ምን ልታደርጉበት ነው? ብቻችሁን ልትገነቡ ነው ወይስ ሰው መሃል ልትገቡ? መልሱ ኮምፒውተሩን ሳላየው ግማሹን ይነግረኛል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በተራ ጌም ውስጥ እያንዳንዱን ዕቃ የሠራው ባለሙያ ነው። ክብደቱን ለክቶ፣ የሚበዛውን ቀንሶ ነው የሚያስቀምጠው። በሰከንድ ላይፍ ወይም መሰሉ ዓለም በሆነው በቪአርቻት ግን ዕቃውን የሚሠራው ተጠቃሚው ራሱ ነው። የአንድ አቫታር ፀጉር ከአንድ ሙሉ ቤት ሊከብድ ይችላል። ክብደቱን እንደ ባለሙያ አይቶ የሚቀንስለት የለም። ስለዚህ ኩባንያው ያወጣው ዝቅተኛ መስፈርት በሩን እንደምታልፉ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ውስጥ ማን ምን ለብሶ እንደሚጠብቃችሁ ኩባንያውም አያውቅም።

መጀመሪያ ግራፊክሱን እዩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፕሮሰሰሩ ነው። እኔ ከግራፊክሱ፣ ስክሪኑ ላይ የምታዩትን ከሚስለው ክፍል፣ እንድትጀምሩ እፈልጋለሁ፤ የቆየ ኮምፒውተርን ብዙ ጊዜ የሚጥለው እሱ ነውና። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና "አር"ን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ዲ፣ ኤክስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ጂ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደሎች ሳትለያዩዋቸው ጻፉና ኢንተር በሉ። "ዲስፕሌይ" በሚለው ገጽ ላይ የግራፊክሱን ስም ታገኛላችሁ። ማክ ላይ ደግሞ ከላይ በግራ ያለውን የፖም ምልክት ነክታችሁ ስለ ማኩ የሚናገረውን የመጀመሪያውን መስመር ምረጡ።

ስሙ "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" የሚል ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ይህ የግራፊክሱ ስም አይደለም። ትክክለኛው ድራይቨር፣ ሲስተሙ ከግራፊክሱ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም፣ አልተጫነም ማለት ነው። ዊንዶውስ አዲስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል። ደህና የነበረ ላፕቶፕ በዚህ ብቻ "አይችልም" ተብሎ ይጣላል። ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑና እንደገና እዩት።

ስሙ ኢንቴል ከሆነ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነው፣ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። ጂኤምኤ የሚል ከሆነ ስለ ባለ ሦስት ገጽታ ዓለም መነጋገር አያስፈልገንም፤ በጽሑፍ ወደሚገባበት መንገድ እመልሳችኋለሁ። ኤችዲ 3000 በ2011 ከወጡት ሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ጋር የመጣ ነው። ኤችዲ 4000 በ2012 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ግን ከምታስቡት በላይ ሰፊ ነው።

ማይንክራፍትን እንውሰድ። በ2021 የወጣው 1.17 ዕትም ኦፕንጂኤል 3.2 የሚባለውን የግራፊክስ ቋንቋ የሚችል ኮምፒውተር ይፈልጋል። ኤችዲ 3000 ዊንዶውስ ላይ የሚችለው እስከ 3.1 ነው። በነጥብ አንድ ይወድቃል። ራም ብትጨምሩ፣ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ብትገዙ አይከፍትም። ኤችዲ 4000 ግን እስከ 4.0 ስለሚደርስ ያለ ችግር ያልፋል።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ። ያው ኤችዲ 3000 በዊንዶውስ ፋንታ በሚጫነው ነፃ ሲስተም፣ በሊኑክስ ላይ ሲሆን እስከ ኦፕንጂኤል 3.3 ይደርሳል። ዕቃው አልተቀየረም። የተቀየረው ድራይቨሩ ነው። ኢንቴል ለዚያ ትውልድ ለዊንዶውስ 10 የሚሆን ድራይቨር አላወጣም፤ የሊኑክስ ድራይቨር የሚጽፉት ሰዎች ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ "ሞቷል" የተባለ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሲጫንበት ያንን 1.17 ማይንክራፍት ሊከፍት ይችላል። ይፈጥናል አላልኩም። ይከፍታል።

የግራፊክስ ሜሞሪ የሚለው ቁጥር ደግሞ እንዳያታልላችሁ። የራሱ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ "2 ጊጋባይት" ብሎ ቢጽፍ ያ ሜሞሪ ከራሙ የተበደረው ነው። 4 ጊጋባይት ራም ካላችሁና ግራፊክሱ ከሱ ላይ ከተቆነጠረ፣ የቀረውን ዊንዶውስና ብራውዘሩ ይሻሙበታል።

ፕሮሰሰርና ራም

ፕሮሰሰሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። "አይ 7 ነው" የሚለው አነጋገር ምንም አይነግራችሁም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፤ ትውልዱን የሚነግራችሁ የቁጥሩ መጀመሪያ ነው፣ በአዲሶቹ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች። 2620ኤም የሚለው አይ 7 ሁለተኛ ትውልድ ነው። 1115ጂ4 የሚለው አይ 3 አሥራ አንደኛ ትውልድ ነው፤ ያንን አይ 7 በብዙ ይበልጠዋል።

ራም 4 ጊጋባይት ከሆነ በሰው የተሞሉ ዓለሞችን እርሱ። 8 ከሆነ ብዙው ይሞከራል። ሁለት ቦታ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ አንድ ባለ 8 ከመክተት ሁለት ባለ 4 መክተት ይሻላል። ግራፊክሱ ከራሙ ስለሚበደር፣ በሁለት መስመር ሲቀዳ ፍጥነቱ በግልጽ ይታያል።

ሲስተሙ 32 ቢት ወይስ 64 ቢት እንደሆነም አረጋግጡ። ብዙ ፕሮግራሞች ለ32 ቢት መሥራት አቁመዋል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ ሲስተሙ ብቻ 32 ቢት የሆነበት ኮምፒውተር ብዙ ነው፤ እንደ አዲስ መጫን ይፈታዋል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ ክሮም ከ2023 መጀመሪያ፣ የጌም መደብሩ ስቲም ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ እንደተዋችሁ እወቁ። የግራፊክሱ ጉልበት ቢበቃ እንኳ መግቢያው ተዘግቷል።

ዓለሞቹን እናወዳድር

ሰከንድ ላይፍ ከከባዶቹ አንዱ ነው፤ ግን ብዙ ሊቀልል ይችላል። ሊንደን ላብ በ2003 ነው የከፈተው። ያኔ ከነበሩ ኮምፒውተሮች ጋር ስለተወለደ "እንግዲህ የኔ አሮጌ ይችለዋል" የሚሉ አሉ። ዓለሙ ግን አብሮ አድጓል። በቅርብ ዓመታት ብርሃንና ነጸብራቅን በአዲስ መንገድ የሚስል አሠራር ስለገባበት የቆየ ግራፊክስ ላይ ጫናው ጨምሯል።

ሆኖም ሴቲንጉ ውስጥ እጃችሁን ካስገባችሁ ብዙ ታተርፋላችሁ። መጀመሪያ የምነካው የእይታ ርቀቱን ነው። አንድ ክልል 256 ሜትር በ256 ሜትር ነው። ርቀቱ 128 ሜትር ከሆነ ወደ 64 አውርዱት። የሚሳለው መሬት በግማሽ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዙሪያውን ስለሆነ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቤት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የምታወሩ ከሆነ 32ም ይበቃል። ቀጥሎ ጥላን አጥፉ። ከዚያ የአቫታር ክብደት ገደብ የሚለውን ዝቅ አድርጉ። ከገደቡ ያለፈ አቫታር ባለ አንድ ቀለም ቅርጽ ሆኖ ይታያችኋል። ልብሱን አታዩም፣ ሰውየውን ግን ታዋሩታላችሁ። ያን የሙዚቃ አዳራሽ መጨረሻ ላይ የቻልኩት በዚህ ነው። ዙሪያዬን ባለ ቀለም ጥላዎች ሲጨፍሩ እያየሁ ከሰው ጋር ማውራት ቻልኩ፤ ለኔ ዋናው እሱ ነበር።

ከሊንደን ላብ ፕሮግራም ሌላ ፋየርስቶርም የሚባል በተጠቃሚዎች የሚሠራ መግቢያ ፕሮግራም አለ። ሁለቱንም ጭናችሁ ያው ቦታ ላይ ቆማችሁ አወዳድሩ፤ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የፈጠነው ሌላው ላይ ላይፈጥን ይችላል። ራደጋስት የሚባል ደግሞ አለ። እሱ በጽሑፍ ብቻ ያስገባችኋል። ቻት፣ ግሩፕ፣ የጓደኛ ዝርዝር፣ ሁሉም አለ። ቅድም ጂኤምኤ ያላችሁት፣ መንገዳችሁ ይሄ ነው።

ኦፕንሲሙሌተር በ2007 የተጀመረ ክፍት ፕሮጀክት ነው፤ የሰከንድ ላይፍ መግቢያዎች ይገቡበታል። የራሳችሁን መሬት ራሳችሁ ትከፍቱበታላችሁ። የምትወዱት መገንባት ከሆነና ሰው ካልበዛበት፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሰከንድ ላይፍ ይልቅ ይሄን እመርጣለሁ። ምን ያህል እንደሚከብድ የምትወስኑት እናንተ ናችሁና።

ቪአርቻትን ያለ ቪአር መነጽርም በተራ ስክሪን መግባት ይቻላል። ከባድ አቫታሮችን በደረጃቸው እየለየ የሚደብቅ ሴቲንግም አለው። ያም ሆኖ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አትሞክሩት እላለሁ። ዳውንሎድ የምታደርጉት ዳታ ያሳዝነኛል።

ሮብሎክስ በ2006 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን ለደካማ ኮምፒውተር ከሚራሩት ዋናው ነው። ሞባይል ላይም እንዲሠራ ተደርጎ ስለተሰናዳ ጥራቱን ራሱ ያወርዳል። አውቶማቲኩን አጥፍታችሁ ጥራቱን በእጃችሁ ወደ ታች ብታወርዱት ግን ይበልጥ ይረጋጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ "ሮብሎክስ ይችላል" የሚባል ነገር የለም። ውስጡ ያሉት ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው ክብደታቸው ይለያያል። ልጃችሁ የሚወደውን ጨዋታ ስም ጠይቃችሁ ሞክሩት እንጂ በመጀመሪያው ያገኛችሁት አትፍረዱ።

ማይንክራፍት ላይ ትልቁ ቁልፍ የእይታ ርቀት ነው። የሚለካው 16 በ16 በሆኑ ቁራጮች ነው። ርቀቱ 12 ሲሆን ዙሪያችሁን 625 ቁራጭ ይያዛል። 6 ስታደርጉት 169 ይሆናል። ሌላ ምንም ሳትነኩ ኮምፒውተሩ እፎይ ሲል ታያላችሁ።

ሉዋንቲ ግን ልቤ ያለበት ነው። እስከ 2024 ድረስ ስሙ ማይንቴስት ነበር። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ በኩብ የሚገነባ ዓለም ነው፣ ሰርቨር ላይ ከሌሎች ጋር መጫወት ይቻላል። ማይንክራፍት ያልተሳካባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሲሠራ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጉድለቱ ሰው ነው፤ የልጆቻችሁ ጓደኞች እዚያ ላይኖሩ ይችላሉ። ወንድምና እህት አንድ ቤት ውስጥ የሚጫወቱ ከሆነ ግን ያ ችግር አይደለም።

በብራውዘር ወይስ በክላውድ?

"በብራውዘር የሚከፈት ስለሆነ ቀላል ነው" ሲባል እሰማለሁ። ልክ አይደለም። ብራውዘሩ የሚስለው በዚያው በናንተ ግራፊክስ ነው። የሚቀርላችሁ መጫኑ ብቻ ነው። እንዲያውም ብራውዘሩ ግራፊክሱን እንዲጠቀም የሚያደርገው ሃርድዌር አክስለሬሽን ከጠፋ ሁሉም ሥራ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና የባሰ ይጎተታል፤ ሴቲንጉ ውስጥ እንዳልጠፋ አረጋግጡ። ሌላው ስጋት ዕድሜያቸው ነው። ሞዚላ ሃብስ የሚባለውን ዓለም በ2024 ዘግቷል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሌሎች ይዘውት ቀጥለዋል፣ አካውንት የነበራቸው ሰዎች ግን ዕቃቸውን አውጥተው መሰደድ ነበረባቸው።

ክላውድ የሚባለው የተለየ ነው። ዓለሙ የሚሳለው ሩቅ ባለ ጠንካራ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ለናንተ የሚመጣው ቪዲዮ ብቻ ነው። ቪዲዮ ያለ ችግር የሚያጫውት አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ሰከንድ ላይፍም በዚህ መንገድ ቀርቦ ያውቃል፤ ኦንላይቭ የተባለ ኩባንያ በ2014 ኤስኤል ጎ ብሎ ከፍቶት በ2015 ከኩባንያው ጋር አብሮ ተዘጋ። ዛሬ ጂፎርስ ናው የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። የምትፈልጉት ዓለም እዚያ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ አገልግሎቱ ያላችሁበት ቦታ መድረሱን ቀድማችሁ እዩ።

ክላውድ ሸክሙን ከኮምፒውተሩ ወደ ኢንተርኔቱ ነው የሚያዞረው። ጂፎርስ ናው ለ720ፒ ምስል በሰከንድ 15 ሜጋቢት፣ ለ1080ፒ 25 ሜጋቢት ይጠይቃል። 15 ሜጋቢት ሳይቋረጥ ለአንድ ሰዓት ሲፈስ ወደ 6.75 ጊጋባይት ነው። ዳታ ገዝታችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ጠንካራ ኮምፒውተር ቢኖርበትም ትርጉም የለውም።

ሲጎተት ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ሳይለዩ ራም የሚገዙ ሰዎች ያሳዝኑኛል። መጎተት ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ከኮምፒውተሩ ነው። ምስሉ ይቆራረጣል፣ ካሜራውን ስታዞሩ እየዘለለ ይዞራል። ሁለተኛው ከኢንተርኔቱ ነው። ምስሉ ይፈስሳል፣ እናንተ ግን ስትራመዱ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ፣ በር ከፍታችሁ በሩ ቆይቶ ይከፈታል። ሦስተኛው ከሰርቨሩ፣ ዓለሙን ከሚያስኬደው ሩቅ ኮምፒውተር፣ ነው። ያን ጊዜ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ እኩል ይማረራል።

በቁጥር ለማየት ሰከንድ ላይፍ ውስጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 1ን አንድ ላይ ተጫኑ። ከላይ ያለው የፍሬም ቁጥር፣ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚሳል የሚነግረው፣ የናንተ ኮምፒውተር ነው። ፒንግ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) እና የጠፉ ፓኬቶች (መንገድ ላይ የቀሩ የዳታ ቁራጮች) የሚሉት የኢንተርኔቱ ናቸው። የክልሉ ፍሬም ከ45 በብዙ ካነሰ፣ ታይም ዳይሌሽን የሚለውም ከ1 ከወረደ ሰርቨሩ ተጨንቋል፤ ኮምፒውተራችሁን አትውቀሱ። ማይንክራፍት የጃቫው ዕትም ላይ ኤፍ 3፣ ሉዋንቲ ላይ ኤፍ 5፣ ሮብሎክስ ላይ ሺፍትና ኤፍ 5 ተመሳሳይ ቁጥሮች ያወጣሉ።

የኔ መለኪያ ቀላል ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ካገኛችሁ ደህና ነው። ለወሬና ለመገንባት 20ም ይበቃል። ከ15 በታች ሲሆን ዓይንም ራስም ያማል።

ሙከራውን ግማሽ ሰዓት ስጡት። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ፣ ቻርጀሩን ሰኩ፣ ሌላውን ሁሉ ዝጉ። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ያለ ቻርጀር የሚደረግ ሙከራ ውሸት ነው። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ፕሮግራሙ ጠንካራውን እንዲጠቀም በዊንዶውስ የግራፊክስ ሴቲንግ ውስጥ ንገሩት። ባዶ ቦታ አምስት ደቂቃ ቆዩና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ሰው ወደበዛበት ሂዱና እዚያ ቆዩ። መጀመሪያ ደህና ሆኖ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚወርድ ከሆነ ሙቀት ነው። ፋኑን አቧራ ዘግቶታል፣ ወይም ላፕቶፑ አልጋ ላይ ነው ያለው። ይህን ማጽዳት ብቻ ብዙ ኮምፒውተር አድኗል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ራሙ 4 ከሆነ መጀመሪያ ራም። ኤስኤስዲ ኮምፒውተሩን በአጠቃላይ ያፈጥነዋል፣ የዓለሙንም ዕቃዎች ቶሎ ያወጣል፤ የፍሬም ቁጥሩን ግን ከፍ አያደርገውም። "ኤስኤስዲ ገጠምኩ፣ አሁንም ይጎተታል" የሚሉኝ ለዚህ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሁሉንም ይለውጣል፤ ፓወር ሰፕላዩ የሚችለው መሆኑንና ሳጥኑ ውስጥ መግባቱን ብቻ ለኩ። የላፕቶፕ ግራፊክስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም። ኤችዲ 3000 ያለበት ላፕቶፕ ላይ ከራምና ከኤስኤስዲ በላይ አታውጡ። የቀረውን ለሌላ ኮምፒውተር አጠራቅሙ።

ያ የኔ ላፕቶፕ አሁንም አለ። ራሙ 8 ሆኗል፣ ሊኑክስ ተጭኖበታል፣ ፋኑ ተጠርጓል። ልጆቹ ሉዋንቲ ላይ ድልድይ እየሠሩበት ነው። ማታ እነሱ ሲተኙ በራደጋስት ገብቼ የድሮ ጓደኞቼን በጽሑፍ አገኛቸዋለሁ። አዳራሹ ምን እንደሚመስል እነሱ ይነግሩኛል።